ከወንዙ የማይታይ ሸለቆ

ጀልባዋ የወንዙን መታጠፊያ እንደ ዞረች ምክትል መቶ አለቃ ሊማን ፔክ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በባርኔጣው ወደ ሰሜኑ ዳርቻ አመለከተ። «ጣሪያ ይታየኛል» አለ። ቀዛፊዎቹ ዞር ብለው ለማየት እንኳ አልደከሙም፤ ጀልባዋን ወደዚያው አቀኗት። ከፀደይ ጀምሮ የእነዚህ ወታደሮች ሥራ ይኸው ነበር። ጣሪያ ያያሉ፣ ወርደው ያቃጥላሉ፣ ወደ ምሽጋቸው ይመለሳሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ያቃጠሉት ቤት ተመልሶ መቆሙን ይሰማሉ። የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ በሰሜን በኩል መስፈር ክልክል ነው ብሎ የአዲሱ አገር ሸንጎ ኮንግረስ ከወሰነ ወዲህ ተሻጋሪው ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ያን ሁሉ ዳርቻ እንዲጠብቅ የተመደበው ጦር ደግሞ ጫማ ያለውም የሌለውም አንድ ላይ ተሰልፎ አንድ የገበያ አደባባይ አይሞላም።

ሃምሳ አለቃ ኤልካና ራንኪን ግን ዞር ብሎ አየ። ቦታውን ያውቀዋል። ውሃው ውስጥ የተጋደመውን አለት፣ ከዳርቻው በላይ ጎን ለጎን ገጥመው የቆሙትን ሁለት ኮረብታዎች፣ ሁሉንም ያውቃል። ከኮረብታዎቹ ጀርባ ጠባብ ሸለቆ እንዳለ፣ በሸለቆው ውስጥም በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ እንዳለ ከዚያ ጀልባ ሰዎች መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከወንዙ አይታይም።

ያገኘው በነፃነቱ ጦርነት መጨረሻ ገደማ ለቅኝት ተልኮ መንገድ ሲጠፋበት ነው። ውሃውን ጠጣ። አፈሩን በእጁ ዘግኖ አየው፤ ጥቁርና ለም ነበር። ከዚያ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። መጥረቢያውን ከቀበቶው መዝዞ በምንጩ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ዛፎች ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ላጠ፣ በትልቁ ዛፍ ግንድ ላይ የስሙንና የቤተሰቡን ስም መነሻ ፊደሎች ቀረጸ፣ መንገዱን ቀጠለ። በዚያ አገር መሬት የሚያዘው እንዲህ ነው። ማኅተም የለው፣ ዳኛ አያውቀው፤ ነገር ግን ኋላ የሚመጣ ሰው ፊደሉን ካየ ባለቤት አለው ብሎ ያልፋል። አላልፍም ያለ እንደሆነ ጎረቤት የሚባል ነገር አያገኝም። ቤት ሲሠራ ግንድ የሚያነሣለት፣ ሲታመም በቆሎውን የሚሰበስብለት ሰው አይመጣም፤ በዚያ ዱር ውስጥ ደግሞ ያለ ጎረቤት ክረምቱን የሚወጣ የለም።

ኤልካና ስለዚያ ምንጭ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለተዋጉት ሁሉ መሬት ይሰጣል የሚለውን የኮንግረስ ቃል እንደ ጓደኞቹ ጠብቆ ጠብቆ፣ ቃሉ ቃል ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ልቡን ያሳረፈው በዚያ ሸለቆ ነበር። ሌላ ሥራ ስላልነበረው ጦሩ ውስጥ ቀረ። በሰሜኑ ዳርቻ ምልክት ያኖረ ወታደር ማዕረጉን ይገፈፋል የሚለው ትእዛዝ በሰልፍ ፊት ሲነበብም ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ። ታዲያ የራሱን ምልክት ደብቆ የሰው ቤት ሲያቃጥል አላፈረም ወይ? አፍሯል እንጂ፣ እንዴት አያፍርም። ግን እነሱ ቤት ሠርተዋል፣ እኔ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የቀረጽሁት እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ጣሪያውን ሲያይ መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ርኅራኄ አልነበረም። ምንጬን ወሰዱብኝ ነው ያለው። ጀልባዋ ዳርቻውን ስትነካ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ የወረደው እሱ ነው፤ ኦቤድ ክራም የተባለው ቀልደኛ ወታደር «ዛሬ አለቃን ምን ነካው?» ብሎ ከኋላው ሳቀ።

አንዲት ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ባልዲ ውሃ አንጠልጥላ ከኮረብታዎቹ በኩል ስትወርድ አገኟት። ወታደሮቹን አይታ አልሮጠችም። ውሃው ጠብ ሳይል ባልዲዎቹን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ ጠራረገች። ቲርጻ ጊልክሪስት ትባላለች። ከበሩ ጀርባ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ባሏ ሂው ንዳድ ይዞት ውስጥ ተኝቷል፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እደጅ ድረስ ይሰማል። ከቤቱ ጎን ያለው በቆሎ ደርቆ ሰብሳቢውን ይጠብቃል።

ፔክ ባርኔጣውን አውልቆ ትእዛዙን አነበበላት። የኮነቲከት ሰው ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ልጅ፣ በዱር መካከል እንኳ በየጠዋቱ ጢሙን የሚላጭ። ማታ ማታ ለአለቆቹ ያየውን ይጽፋል፤ ያላየውን አይጽፍም። ከአፉ ውሸት ወጥቶ የሰማ ሰው የለም። ወታደሮቹ በዚህ ያሾፉበታል፣ የሚያከብሩትም በዚሁ ነው።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና ባሏን በዚህ ሁኔታ ወዴት ልትወስደው እንደምትችል ጠየቀችው። ወንዙን እናሻግራችኋለን አላት።

«ከዚያ ማዶ ማን አለን ጌታዬ?» አለች። «እዚያማ ዓይኑን አይተነው በማናውቅ ጌታ መሬት ላይ ጭሰኛ ነበርን። ከዚያ ሸሽተን ነው እዚህ የመጣነው። ለመሆኑ ይኼ ኮንግረስ የምትሉት የት ነው የሚኖረው?»

«እሱም እንደናንተው ነው እመቤቴ» አለ ኦቤድ። «ከአንዱ ከተማ ነቅሎ ወደ ሌላው እየተንከራተተ ነው የሚኖረው። ቤት የለውም።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ፔክ አልሳቀም፣ ግን አልተቆጣምም፤ ነገሩ እውነት ነበርና። ከዚያ ሊያስረዳት ሞከረ። ቀያሾች ከወንዙ ተነሥተው መሬቱን በሰንሰለት እየለኩ በአራት ማዕዘን እየከፋፈሉት እንደሆነ፣ ተለክቶ ሲያልቅ በምሥራቅ ባሉ ከተሞች ለጨረታ እንደሚወጣ፣ ማንም ሰው እዚያ ሄዶ መግዛት እንደሚችል ነገራት። እሷ የአንዱ ቁራጭ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀች። ነገራት። እንደ ሂው ጊልክሪስት ያለ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢያገለግል አይገዛውም።

«እመቤቴ» አለ ፔክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ኮንግረስ ግብር መጣል አይችልም። ክፍላተ አገሩን ይለምናል፣ እነሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። በእጁ ያለው ይህ መሬት ብቻ ነው። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ከወሰደው ነገ አገር የሚባል ነገር አይኖረንም። ጦርነቱን ሁሉ ያደረግነው በከንቱ ሆነ ማለት ነው።»

«እኔ አገር ላፈርስ አልመጣሁም» አለች። «በቆሎ ልዘራ ነው የመጣሁት።»

ኤልካና በመካከላቸው ቆሞ ሁለቱም እውነት ሲናገሩ ይሰማል። ከሁለቱ አንዱ ቢሳሳት ይሻለው ነበር። ፔክ ወረቀቱን አጠፈ፤ ከዚያ ወንዙን፣ ወዲያውም ኮረብታዎቹን አየና ነገር ለማስቀየር ያህል እንዲህ አለ።

«እንዲያው ለምን ነው እዚህ አፋፍ ላይ የሠራችሁት? ከመታጠፊያው ጀምሮ ነው የታያችሁን። ከእነዚያ ኮረብታዎች ጀርባ ብትሆኑ ኖሮ ሳናያችሁ አልፈን በሄድን ነበር። ውሃውም ከዚያ ነው የምትቀጂው።»

«ከኮረብታው ጀርባማ ባለቤት አለው» አለች ሴትዮዋ።

ኤልካና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ፔክ የሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ ሌላ ሰፋሪ አለ ማለት ነው ብሎ ሃምሳ አለቃውን ከሴትዮዋ ጋር ሄዶ እንዲያይ አዘዘው፤ ሌሎቹ በዚህ መካከል የቤቱን ዕቃ እንዲያወጡ።

በኮረብታዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ በእግር ተጠርጎ ነጭ መንገድ ወጥቶበታል። ሴትዮዋ ስንት ጊዜ ወጥታ ስንት ጊዜ እንደወረደች መንገዱ ይናገራል። ሸለቆው ግን እንደተወው ነው። አንድ ዛፍ አልተቆረጠም፣ አንድ ጉልማ አልታረሰም። ያኔ የላጣቸው ዛፎች ደርቀው ቆመዋል፤ ምንጩ ድንጋዩን እያጠበ ይፈሳል። በትልቁ ዛፍ ላይ ሁለቱ ፊደሎች ትናንት የተቀረጹ ይመስላሉ። የሚበቅልባቸውን የዛፍ ሽበት ሰው እየፋቀላቸው ነው።

«ልጆቹ ናቸው የሚፍቁት» አለች ቲርጻ ዓይኑን ተከትላ። «ሰውዬው ሲመጣ ፊደሉን እንዳያጣው ይላሉ። ስሙ ምን ይሆን እያሉ በየቀኑ ሌላ ስም ያወጡለታል።»

ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አንድ የቅል ጭልፋ ተንጠልጥሏል። ኤልካና አየውና የማን ነው አላት።

«የባለቤቱ ነዋ። በመንገድ ውሃ ጠምቶት ቢመጣ በእጁ እንዳይጠጣ ብዬ። እኛ የራሳችን አለን።» ወደ ሸለቆው አመለከተች፤ «ሂው እዚሁ እንሥራ ብሎኝ ነበር። ንፋስ የለውም፣ ውሃው ደጅ ነው። እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት። ያ ሰው አንድ ቀን ቤተሰቡን ይዞ ቢመጣ በምን ፊቴ አየዋለሁ?»

ኤልካና ጠመንጃውን ከዛፉ ጋር አስደገፈ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ሸሽቷል፤ ከዚህች ሴት ዓይን ግን የሚሸሽበት ቦታ አጣ። እነሱ አንድ የማያውቁትን ሰው ፊደል አክብረው ከወንዙ አፋፍ ላይ ወጡ፤ አፋፍ ላይ ስለወጡ ታዩ፤ ስለታዩ ይቃጠላሉ። ያስያዛቸው የእሱ መጥረቢያ ነው።

«እኔ ነኝ» አላት። «ፊደሉ የኔ ነው። ኤልካና ራንኪን።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሁለቱን ፊደሎች አየች፣ ከዚያ የትከሻውን የማዕረግ ዘርፍ አየች። ለመቆጣት ጊዜ ወሰደባት። ስትቆጣ ድምፅዋ አልጨመረም።

«እና ችቦ ይዘህ መጣህ» አለች።

ሴትዮዋ ወደ ዛፉ ተጠጋችና ከፊደሎቹ በታች ያለውን ነገር በጣቷ ነካች። በቀይ ቀለም የተሣለ የኤሊ ግማሽ ነበር፤ ላይኛው ግማሽ ከተላጠው ቅርፊት ጋር ሄዷል። የዚያ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት ደላዌሮች ለአደን ሲመላለሱ የወገናቸውን ምልክት እንዲህ በዛፍ ላይ ያኖሩ ነበር።

«ይኼንንስ አይተኸው ነው የላጥኸው?»

«አይቼው ነው» አለ። ሌላ የሚለው ነገር ቢኖር ይል ነበር።

ከዚያ መሬቱን ውሰጂው አላት። ሸለቆውን፣ ምንጩን፣ ሁሉንም፤ ከወንዙ ስለማይታይ ማንም አይደርስባችሁም አላት። ቲርጻ ራሷን ነቀነቀች። የአገሩን ልማድ የምታውቅ ሴት ናት።

«እዚህ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል? ነገ ፊደልህን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ውጡ ቢለን ማን ይመሰክርልናል? ሂው ቢሞትብኝስ ከልጆቼ ጋር ማን ያምነኛል? የምትሰጠኝ ከሆነ በሁለት ባዳ ፊት በለው። አለዚያ ለራስህ አኑረው።»

በሁለት ባዳ ፊት። እዚያ ዳርቻ ላይ ያሉት ባዳዎች ደግሞ የራሱ አዛዥና የራሱ ወታደሮች ናቸው። ኤልካና ቅሉን አወረደ፣ ከምንጩ ቀድቶ ጠጣ፣ መልሶ አንጠለጠለው። ውሃው በልቡ ይዞት እንደኖረው ጣፋጭ ነበር። ያንን ከጠጣ በኋላ መወሰኑ ቀለለው።

ሲወርዱ ሂው ጊልክሪስት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እደጅ ተቀምጧል። ልጆቹ አንድ ድስት ለሁለት ይዘዋል። ኦቤድ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ፣ የጣሪያውን ሰሌዳ እያወረደ ይከምር ነበር፤ ፔክ ይህ ምንድን ነው ሲለው ዕቃ አውጡ ብለውን የለም ወይ ጌታዬ፣ ይኼም ዕቃ ነው አለው። ፔክ ትንሽ አሰበና ተወው። ችቦው ተለኩሷል።

ኤልካና ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ከኮረብታው ጀርባ ሰው የለም» አለ። «ምልክት ግን አለ። ምልክቱ የእኔ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በእጄ ያኖርሁት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሸለቆውንም ምንጩንም ለሂው ጊልክሪስትና ለቤቱ ሰጥቻለሁ፤ ዘሬ ቢመጣ እንዳይጠይቅ። እዚህ ያላችሁ ስሙኝ።»

ወታደሮቹ ሥራቸውን አቆሙ። የፔክ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ ነጣ። ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው ይህን ሰው ነበር።

«ራንኪን፣ የምትለው ነገር ምን እንደሚያስከትልብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ኦቤድ ከጣሪያው ላይ። ለአንድ ጊዜ አልቀለደም።

ሌሎቹ ወታደሮች መሬት መሬት አዩ። ፍርሃት ይዟቸዋል፣ አይፈረድባቸውም። አንድ ምስክር ብቻውን ምንም አይደለም፤ ኤልካናም ያውቃል፣ ሴትዮዋም ታውቃለች። ቲርጻ ወታደሮቹን አንድ በአንድ አየችና በመጨረሻ ወደ ፔክ ዞረች።

«እርስዎስ ሰምተዋል?»

«እመቤቴ፣ ይህ ሕግ አይደለም» አላት። «ሃምሳ አለቃው የሌለውን መሬት ነው የሰጠሽ። ለማንም መስጠት የሚችል ሰው አይደለም።»

«ሕግ ነው ወይ አላልሁም ጌታዬ። ሰምተዋል ወይ ነው ያልሁት።»

ወንዙ ይሰማል፣ የሂው ጥርስ ይሰማል። አልሰማሁም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ኮንግረስም አንዲት ሸለቆ ያተርፍ ነበር። ኤልካና የወጣቱን መኮንን ፊት ሲያይ አዘነለት። የአባቱ ልጅ ነበር፣ ምን ያድርግ።

«ሰምቻለሁ» አለ ፔክ።

ሴትዮዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችው፣ ባልዲዎቿን አነሣችና ልጆቿን አስከትላ ወደ ኮረብታዎቹ አቀናች። ከእንግዲህ ቤቱን ዞራ አላየችም። ፔክ ወደ ኤልካና ቀርቦ የትከሻውን ዘርፍ በራሱ እጅ ፈታው፤ ክሩ ቶሎ አልፈታ አለው፣ ኤልካናም ትከሻውን ዝቅ አድርጎ አገዘው። ቤቱን ያቃጠሉት ከዚያ በኋላ ነው። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ግድግዳው ሲነድ ኦቤድና ሌሎቹ የታመመውን ሰው በብርድ ልብስ ተሸክመው ከእሳቱ አራቁት፤ እጅግ አራቁት፣ በኮረብታዎቹ መካከል እስኪሰወሩ ድረስ። በሩንም ሰሌዳውንም ተመላልሰው ወሰዱት። ፔክ ለኮረብታዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ የሚነደውን ቤት ያይ ነበር፣ ወዴት ሄዳችሁም አላላቸውም።

በቆሎው ተሰብስቦ የመጀመሪያው አመዳይ ሲጥል ያችው ጀልባ በዚያው መንገድ ወረደች። ኤልካና አሁን ከቀዛፊዎቹ አንዱ ነው፤ በእጁ መዳፍ ላይ አዲስ እባጭ ወጥቷል። ሲቀዝፍ ጀርባው ወደፊት ስለሆነ የሚመጣውን አያይም፣ የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ፔክን ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ፔክ እንደ ልማዱ ብድግ አለ።

ዓይኑ በቃጠሎው ቦታ ላይ አረፈ። ጥቁር መሬት ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ኮረብታዎች ወደሚገጥሙበት ወጣ፣ እዚያም ቆመ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ከውሃው አወጡ። በብርዱ አየር ላይ ቀጭን ነገር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጭስም ሊሆን ይችላል፣ ከምንጭ የሚነሣ ጉምም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ ትንሽ መቆየት፣ ትንሽ ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ኤልካና ጉም ነው ብሎ ሊዋሽለት ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ይህን ሰው በውሸት መርዳት እንደማይቻል ያውቃል።

ፔክ ምንም አልጠየቀም። የካፖርቱን አንገት አነሣ፣ ጀልባዋ እንዳትናወጥ ጠርዟን ይዞ ዞረ፣ ፊቱን ወደ ደቡቡ ዳርቻ አድርጎ ተቀመጠ።

«ቅዘፉ» አለ።

ከተቀመጠበት ሆኖ ሸለቆው አይታይም ነበር።